እቴጌ ጣይቱና የሰንጠረዡ ጦር

አርባ ምንጭን የጐበኘ ሰው የስሟን ትርጕም ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ከተማይቱ ከተቀመጠችበት ከፍታ ግርጌ፥ በደኑ ጥላ ሥር፥ ምንጮቹ ከመሬት እየፈለቁ ሲወርዱ ይታያሉ። ከላይ ሆኖ ለሚመለከት እንግዳ ግን ዐይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በእነርሱ ላይ አይደለም። ዐይኑን የሚስቡት የዓባያና የጫሞ ሐይቆች፥ በመካከላቸውም የተጋደመው የእግዜር ድልድይ ናቸው። ይሁን እንጂ ለከተማው ሕዝብ የመጠጥ ውሃ የሚወጣው ከሰፋፊዎቹ ሐይቆች ሳይሆን በደኑ ውስጥ ከተሸሸጉት ምንጮች ነው። ትልቁ ነገር ሁልጊዜ ዋናው ነገር እንዳልሆነ ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ትልቁን ከዋናው ለይቶ ማየት ከባድ ዕውቀት ነው። በጦር ሜዳ፥ ጩኸትና ጭስ በበዛበት ሰዓት፥ ይህን ዕውቀት ካሳዩት ኢትዮጵያውያን አንዷ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። የሕይወታቸው ታሪክ ብዙ ጊዜ ተነግሮአል። እኛ ግን ዛሬ ያንኑ ታሪክ ብዙ ሰው በማይሄድበት መንገድ፥ ማለት ይጫወቱት በነበረው ጨዋታ በኩል ልንመለከተው አስበናል። ጨዋታውም ሰንጠረዥ ነው።

ሰንጠረዥ ሲባል የዛሬው ወጣት ጸሐፊ በየመሥሪያ ቤቱ ቍጥር የሚሞላበትን መስመር የተሰመረበት ወረቀት ብቻ ያስብ ይሆናል። የቀድሞ አባቶቻችን ግን በዚህ ስም የሚጠሩት በጨርቅ ላይ የሚደረግ ጦርነት ነበር። ጨዋታው ከህንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አገር ካለፈ በኋላ ወደ እኛ የደረሰ የቼዝ ወንድም ነው። በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ እየተሰፋ፥ ስምንት በስምንት የሆኑ 64 ቤቶች ይወጡለታል። በግራና በቀኝ የሚሰለፉት ሁለቱ ጦሮች ከዝሆን ጥርስ፥ ከቀንድ ወይም ከእንጨት በእጅ የተጠረቡ ሲሆኑ፥ እያንዳንዱ ጦር 16 ጠጠር አለው። ከእነርሱም ንጉሥ፥ ፈርዝ፥ ሁለት ፊል፥ ሁለት ፈረስ፥ ሁለት ደርና መደቅ የሚባሉ ስምንት እግረኞች ይገኛሉ። ደር በቀጥታ መንገድ የፈለገውን ያህል ይሄዳል፤ ፈረስ ዘሎ ያልፋል፤ ፈርዝ አንዲት ቤት ብቻ በማዕዘን ይራመዳል፤ መደቅ ግን እንደ ማንኛውም ድሃ እግረኛ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ወደ ኋላም መመለስ አይችልም።

የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው ግን የጠጠሮቹ ስም አይደለም፤ አጀማመሩ ነው። በሌላው አገር አንዱ ሲያነሣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በእኛ ሰንጠረዥ ግን ጨዋታው የሚጀመረው ወረራ በሚባለው ክፍል ነው። በወረራው ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፥ የቻሉትን ያህል እየፈጠኑ፥ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። የመጀመሪያው ጠጠር በተበላ ጊዜ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ ይሆናል። እንግዲህ ጦርነት በእውነት እንዴት እንደሚጀመር ያየ ሰው ይህን ሥርዓት ያወጡት ሰዎች ጦር ሜዳን በሩቁ የሚያውቁ እንዳልነበሩ ይረዳል።

ሁለተኛው ልዩነት የክብር ሕጉ ነው። ተጋጣሚን በደር ወይም በፈረስ ኀይል መርታት እንደ ተራ ድል ይቈጠራል። በፊል ወይም በመደቅ የረታ ግን ይመሰገናል። ከዚህም በላይ የጠላትን ጦር አንድ ሳያስቀሩ ፈጅቶ ንጉሡን ብቻውን ራቁቱን ማስቀረት አሸናፊ አያሰኝም፤ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይረታምና። ስለዚህ ብልኅ ተጫዋች መግደልን ብቻ ሳይሆን መተውንም ማወቅ አለበት።

ጨዋታው በቤተ መንግሥታችን ረዥም ዕድሜ ነበረው። በ16ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ልብነ ድንግል ቼዝ ይጫወቱ እንደነበር የዘመኑ የኤውሮፓ መንገደኛ አውርቶአል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልትም በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የትግሬውን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን በሰንጠረዥ ላይ ተቀምጠው አይቶአቸዋል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ግዙፎች እንደነበሩ፥ ተጫዋቹም የተጋጣሚውን ጠጠር በሚበላበት ጊዜ በኀይል መትቶ ከቦታው እንደሚያስፈነጥረው ጽፎአል። ኤውሮፓውያን ራሳቸው የጦር ጨዋታን የመኰንኖች ማሠልጠኛ ያደረጉት ከዚያ በኋላ ነው። የፕሩሲያው መኰንን ፎን ራይስቪትስ በካርታ ላይ በትናንሽ ጠጠር የሚደረገውን የጦር ጨዋታ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1824 አሳተመ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ደግሞ በ1913 የአሻንጉሊት ወታደሮችን በቤት ውስጥ አሰልፎ ስለ መዋጋት መጽሐፍ ጻፈ፤ ትንሹ ጦርነት ከትልቁ እንደሚሻልም መከረ። በዓመቱ ትልቁ ጦርነት ተነሣ።

አሁን ወደ እቴጌይቱ እንመለስ። ጣይቱ የራስ ብጡል ኀይለ ማርያም ልጅ ናቸው። አጎታቸው ደጃዝማች ውቤ ኀይለ ማርያም ስሜንንና ትግሬን አጠቃልለው የገዙ ኀያል ሰው ነበሩ። በጣይቱ የልጅነት ዘመን፥ በ1847 ዓ. ም.፥ ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ጦርነት በካሳ ኀይሉ ተሸንፈው ታሰሩ፤ ካሳም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አንድ ትልቅ ቤት በአንድ ቀን ውጊያ ሲፈርስ ያየ ልጅ የኀይልን አላፊነት ከመጽሐፍ መማር አያሻውም። ጣይቱ ግን መጽሐፍም ተምረዋል። ለሴት ልጅ ፊደል ማስቈጠር ባልተለመደበት ዘመን አማርኛና ግዕዝ ማንበብና መጻፍ ዐወቁ፤ ቅኔም ሞከሩ፤ በገና መደርደርና ሰንጠረዥ መጫወትም ቻሉ።

በ1875 ዓ. ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በቍርባን አገቡ። በ1879 ዓ. ም. ንጉሡ ወደ ሐረር በዘመቱበት ወራት ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። በጥቅምት 1882 ዓ. ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ከጫኑ ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚለው ስምም ተሰጣቸው።

የእቴጌይቱ የመጀመሪያ ታላቅ ፈተና የውጫሌ ውል ነበር። ውሉ በሚያዝያ 1881 ዓ. ም. ሲፈረም አንቀጽ 17 በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ይናገር ነበር። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመላላክ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል ማድረግ ይቻላቸዋል ሲል፥ ኢጣልያንኛው ግን የግድ ያደርጋል። ነገሩ በታወቀ ጊዜ ከመኳንንቱ አንዳንዶቹ በማለዘብ መንገድ የሚፈታ መስሎአቸው ነበር። እቴጌ ጣይቱ ግን አንዲት ቃል አንድ አገር ልታስወስድ እንደምትችል አስቀድመው ተረዱ። በ1883 ዓ. ም. የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ለመከራከር በመጣ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ ተቀምጠው ፊት ለፊት ተሟገቱት። ድርድሩም ፈረሰ፤ አንቶኔሊም በቍጣ ወጥቶ ሄደ። በ1885 ዓ. ም. ዐፄ ምኒልክ ውሉን መሻራቸውን አስታወቁ። በሰንጠረዥ አነጋገር ወረራው ተጀመረ ማለት ነው፤ ሁለቱም ወገን ያለ ተራ ጦሩን ያሰልፍ ጀመር።

በ1888 ዓ. ም. መጀመሪያ ክተት ታውጆ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሰሜን ሲንቀሳቀሱ እቴጌይቱም 5000 ያህል የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ። በኅዳር ወር የኢጣልያ ጦር በአምባ አላጌ ተመታ። ከዚያም የኢትዮጵያ ሠራዊት በመቀሌ፥ በእንዳ ኢየሱስ ኰረብታ ላይ በታነጸው ምሽግ ፊት ቆመ። በምሽጉ ውስጥ በማጆር ጋሊያኖ የሚታዘዙ ከ1000 የሚበልጡ ወታደሮች ነበሩ። ግንቡ ጠንካራ፥ መድፉም የተዘጋጀ ነበር። የኢትዮጵያ ወታደር እንደ ልማዱ ጐራዴውን መዝዞ፥ እየፎከረ፥ ወደ ግንቡ ደጋግሞ ሮጠ። ደጋግሞም በጥይት ረገፈ። ምሽጉን በደረት ለመስበር የተደረገው ሙከራ ብዙ ጐበዝ በልቶ ከንቱ ቀረ።

ሁሉም ግንቡን በሚያይበት ሰዓት እቴጌ ጣይቱ ምንጩን አዩ። ምሽጉ የሚጠጣው ውሃ በግቢው ውስጥ አልነበረም፤ ከግንቡ ውጭ፥ ከኰረብታው ሥር ነበር። እቴጌይቱ ምንጩ እንዲያዝ ሐሳብ አቀረቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተቀበሉት። የእቴጌይቱ ሰዎች በሌሊት ሄደው ውሃውን ያዙ፤ ኢጣልያኖች ለማስለቀቅ ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። ከዚያ በኋላ ግንቡን መምታት አላስፈለገም። ቀኑ በተቈጠረ ቍጥር ጥሙ ውስጥ ሆኖ ይዋጋ ነበር። በጥር 1888 ዓ. ም. ጋሊያኖ ምሽጉን ለቀቀ።

እዚህ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ያደረጉት ነገር ሊታሰብ ይገባል። በእጃቸው የገባውን ጦር አልፈጁትም፤ መሣሪያውን እንደያዘ፥ መጓጓዣ ጨምረው፥ ወደ ወገኖቹ ሸኙት። በሽኝቱም ሽፋን ሠራዊታቸውን ወደ ዐድዋ አቅጣጫ አዞሩ። ከሰንጠረዡ የክብር ሕግ ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው። ይህን ሁሉ ከጨዋታው ተማሩት ብለን አንፈርድም፤ የጦር ብልሃት ከብዙ ምንጭ ይቀዳልና። ነገር ግን ንጉሥን የሚረታው የሚመታው እጅ ብቻ ሳይሆን መውጫ ቤቶቹን የሚዘጋው ጭምር መሆኑን ሰንጠረዥ የተጫወተ ሁሉ ያውቃል። ምሕረቱም ዋጋ አስከፍሎአል፤ ያው ጋሊያኖ በዐድዋ ዳግመኛ ተሰልፎ ወጋ፤ እዚያውም ሞተ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዐድዋ የሆነውን ማንም ያውቀዋል፤ ከሰንጠረዥ አንጻር ግን አንድ ነገር እንጨምር። ጀኔራል ባራቲየሪ ከ17000 በላይ የሆነውን ጦሩን ከፋፍሎ በሌሊት ሲያንቀሳቅስ የተመራው በተሳሳተ ንድፍ ካርታ ነበር። ጀኔራል አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኰረብታ ፍለጋ ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ወደ ኢትዮጵያውያን ሰፈር ገባ። ዳቦርሚዳም በበኩሉ ተነጥሎ ቀረ። እንግዲህ የኢጣልያ መኰንኖች የጦር ትምህርት አልጐደላቸውም፤ የጐደላቸው የሚጫወቱበት ጨርቅ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ነበር። ካርታው ሌላ፥ ምድሩ ሌላ ሆነባቸው። በቢሮ ተቀምጦ በወረቀት ላይ የሚሠራ ወጣት ሹም ሁሉ ይህን ሊያስታውስ ይገባዋል። ሰንጠረዡ ውስጥ የተሞላው ቍጥር መሬት ላይ ካለው ካልገጠመ፥ ስሕተቱን የሚከፍለው ሞልቶ የላከው ሰው ብቻ አይደለም።

እቴጌ ጣይቱ በዚያ ቀን በውጊያው ሜዳ ነበሩ። ወደ ኋላ የሚያፈገፍገውን ያደፋፍሩ ነበር፤ ሴቶቹንም አሰልፈው ለተዋጊውና ለቍስለኛው ውሃ ያስቀዱ ነበር። በመቀሌ ውሃን ከጠላት የነሱት እጆች በዐድዋ ለወገን አጠጡ።

ስለ ጦርነት ጨዋታ የሚጽፍ ሰው ግን አንድ ነገር መሸፋፈን የለበትም። የሰንጠረዥ ጠጠር ከተበላ በኋላ ወደ ከረጢቱ ተመልሶ ነገ ይሰለፋል። ሰው ግን አይመለስም። በዐድዋ ፊታውራሪ ገበየሁን ጨምሮ በሺህ የሚቈጠር ኢትዮጵያዊ ወድቆአል። ይኸው ሠራዊት ከዐድዋ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1887 ዓ. ም.፥ በወላይታ ላይ ዘምቶ ነበር። ካዎ ጦና ተማረኩ፤ የሕዝቡም እልቂት ከባድ ነበር። የጋሞ ደጋ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር የገባው በዚያው ዘመን ነው። ስለዚህ የዐድዋን ድል በኩራት የምናነብ ሁሉ፥ ያንኑ ጦር በደቡብ በኩል ያየው ሰው ምን እንደሚያስታውስም ዐብረን ማንበብ ይኖርብናል። አንዱን ገጽ ብቻ የሚያነብ ሰው ከባራቲየሪ ካርታ የተሻለ ካርታ የለውም።

ከጦርነቱ በኋላ እቴጌይቱ በሰላም ሥራ ተጠመዱ። እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በአዲስ አበባ አቋቋሙ፤ በዚህም ምግብን በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን ለአገሩ አዲስ ሥራ አሳዩ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1900 ዓ. ም. ገደማ በጽኑ ከታመሙ በኋላ ግን የመንግሥቱ ሥራ እየዋለ እያደረ በእርሳቸው እጅ ገባ። ሹመት የሚሰጡትና የሚሽሩት እርሳቸው ሆኑ። በዚህ ጊዜ በዐድዋ ዘመን ያልታየ ጕድለት ታየባቸው። ወንድማቸው ራስ ወሌ የየጁ ገዥ፥ የወንድማቸው ልጅ ራስ ጕግሣ ወሌ የበጌምድር ገዥ ሆነው ነበር። የሸዋ መኳንንት ሥልጣኑ ሁሉ ወደ አንድ ቤተ ዘመድ ሲሄድ ታያቸው። እቴጌይቱ የራሳቸውን ጠጠሮች ሲያሰልፉ ባላጋሮቻቸውም ያለ ተራ ይሰለፉ ነበርና፥ በመጋቢት 1902 ዓ. ም. መኳንንቱና መኻል ሰፋሪው ተባብረው ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። የቀረላቸው የታመመውን ባለቤታቸውን ማስታመም ብቻ ሆነ። የሌላውን መውጫ መዝጋት ያወቁት ሴት የራሳቸው መውጫዎች አንድ በአንድ ሲዘጉ አላዩም፤ ወይም አይተው ረፈደባቸው።

ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ. ም. ዐረፉ። እቴጌይቱም ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው ዘውድ በጫኑበት ደብር አጠገብ ኖሩ። በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ጐንደር ለመሄድ ቢጠይቁ አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ. ም. ዐረፉ። ዛሬ ዐፅማቸው በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም፥ ከባለቤታቸው አጠገብ ይገኛል።

ሰንጠረዡም ከእነርሱ ዘመን ጋር ተዳክሞ ጠፋ። ቦታውን የኤውሮፓው ቼዝ፥ ካርታና ሌላም ጨዋታ ወሰደው። በመልሶ ማቋቋሙ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ክንድ ቀይ ጨርቅ፥ ጥቂት ጥብጣብና ከእንጨት የተጠረቡ 32 ጠጠሮች ይበቃሉ። በአርባ ምንጭም ሆነ በሌላ ከተማ ያለ ተማሪ በአንድ የዕረፍት ቀን ሊሠራው ይችላል። ሲጫወትም አዋቂ መኰንን ሊሆን አይደለም፤ ከመሮጥ በፊት ማየትን፥ ከማሸነፍም ጋር መተውን ሊለምድ ነው።

በዚያው በአርባ ምንጭ፥ በመስከረም 2011 ዓ. ም.፥ በሌላ ስፍራ በወገኖቻቸው ላይ በደረሰው ግድያ የተቈጡ ወጣቶች ለበቀል በተነሡ ጊዜ የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩባቸው። ወጣቶቹም አልፈው አልሄዱም። ሽማግሎቹ ጦር አልነበራቸውም፤ ግንብም አልነበራቸውም፤ የያዙት ከመሬት የተነቀለ ሣር ብቻ ነበር። በቀድሞው ሰንጠረዥ ሕግ እጅግ የሚመሰገነው ድል በትንሹ ጠጠር የተገኘው ነው። እቴጌ ጣይቱ ያን ቀን ቢያዩ ጨዋታውን ያውቁት ነበር።